የመጀመሪያ ጋቢ፣ ተፈሪ ሱሪና በርኖስ በአነስተኛ ብር፦ ከየቱ ልጀምር?

የጌራ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጥር ላይ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሠርግ አለብን፤ ከሚዜዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። እስካሁን የራሴ የምለው የአገር ልብስ የለኝም። በርኖስ፣ ጋቢ ወይም ኩታ፣ እጀ ጠባብ፣ ተፈሪ ሱሪ፣ ጫማና ዱላ አስቤያለሁ። ያለኝ ብር ግን ከአንድ ወር ደመወዝ ብዙም አይበልጥም፤ ሁሉንም አዲስ አያስገዛኝም። ለአንድ ቀን ለብሼው ሣጥን ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም፤ ለበዓሉም ለለቅሶውም ለክረምቱም እንዲሆነኝ ነው። መጀመሪያ የቱን ልግዛ? የቱን አሮጌ ብገዛ ያዋጣኛል? ገበያ ላይ ያለው በርኖስ እውነተኛ የበግ ጸጉር መሆኑንስ በምን ልወቅ? ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ነው፣ ቀጭን ነኝ።

ድርና ማግ፦
እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሱሪና እጀ ጠባብ፣ በርኖስ መጨረሻ። ጋቢ ከተራ ሸሚዝና ሱሪ ጋርም ያምራል፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ፣ ለሌሊት ብርድ፣ ለሁሉም ይሆናል። በርኖስ ግን ከሥሩ የሚለበሰው ካልተሟላ ለብቻው አያምርም፣ ዋጋውም ከሁሉም ይከብዳል።

ኩታ ሁለት ንብርብር ነው፣ ጋቢ አራት። ሻጩ የሚልህን ተወውና ጥጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትህ እያሻሸህ ንብርብሩን አንድ በአንድ ለይተህ ቁጠር። አራት ሆኖም የሳሳ አለ፤ ስለዚህ አንዱን ንብርብር ብቻ ወደ ብርሃን አንሣና እይ። ክሩ ተራርቆ ፊትህን የሚያሳይ ከሆነ ተወው። ሌላው ማታለያ ስታርች ነው። የሳሳ ጋቢ ስታርች ጠጥቶ ሲደርቅ የወፈረና የተጠቀጠቀ ይመስላል፤ መጀመሪያ የታጠበ ቀን እንደ ነጠላ ይላላል። ጥቁር ሱሪ ለብሰህ ሂድና ጋቢውን ጉልበትህ ላይ አድርገህ በሁለት እጅህ አጥብቀህ እሸው። ነጭ ዱቄት ከረገፈ ውፍረቱ የክር አይደለም።

ብዙውን ጊዜ ድሩ (በቁመት የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) የእጅ ፈትል ነው። የእጅ ፈትል አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ እሱን እንደ ጉድለት አትቁጠረው፤ አየር የሚይዘውና የሚያሞቀው እሱ ነው። ድሩም ማጉም የፋብሪካ የሆነው እኩልና ለስላሳ ነው፣ ይረክሳል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል። ለመንዝ ሌሊት የእጅ ፈትል ያለበትን ምረጥ።

ብር የምትቆጥበው ጥለቱ ላይ ነው። ሰፊና ብዙ ቀለም ያለው ጥለት ዋጋውን ይሰቅላል እንጂ አያሞቅም። ጠባብ፣ ባለ አንድ ቀለም ጥለት ለሠርግም ለለቅሶም ይሄዳል። ከመክፈልህ በፊት ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሰህ ጥለቱን እሸው። ቀለም ከያዘ አትግዛ፤ በታጠበ ቀን ነጩ ላይ ይጋባል፣ ጨው ብትጨምርበትም አያቆመውም።

ልኩን ቆመህ ለብሰህ እይ። ጫፉን በግራ ትከሻህ ስትጥለው ከኋላ እስከ ወገብህ መድረስ አለበት፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከጉልበትህ በታች ይዋል። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ያለውን ውሰድ። ማሠራት ካሰብክ ጥቅምት ላይ እዘዝ። ገና ሲቃረብ ሸማኔ ሥራ ስለሚበዛበት ማጉን አራርቆ ቶሎ ለመጨረስ ይገፋል።

መርፌና ክር፦
ሱሪውንና እጀ ጠባቡን የተሰፋ ከምትገዛ ጨርቅ ገዝተህ አሰፋ። ቀጭን ከሆንክ የተሰፋው ጭኑ ላይ ሲበቃህ ባትህ ላይ ይንቦረቀቃል። የተፈሪ ሱሪ ውበቱ ደግሞ ከጉልበት በታች ልክክ ማለቱ ነው።

ለሱሪው 1 ሜትር ከ50 ወርድ ካለው ጨርቅ 1 ሜትር ከ60 እስከ 1 ሜትር ከ80 ይበቃሃል። ጭኑ ሰፋ ያለ እንዲሆን ከፈለግህ ወደ ላይኛው ጠጋ በል። ካኪ ጥጥ ስለሆነ ይሰበሰባል፤ ሳይቆረጥ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረህ፣ አድርቀህ፣ ተኩሰህ ለሰፊው ስጥ። ይህን የማያደርግ ሰው ነው ከሁለት እጥበት በኋላ ሱሪው ባቱ ላይ አልገባ የሚለው። ቴትሮን አይሰበሰብም፣ በርካሽም ይገኛል፤ ነገር ግን ብርዱን አይከላከልም፣ ሲቆይም ያብለጨልጫል። እኔ ብሆን ካኪ።

ልክ ሲወሰድልህ አራት ነገር አስለካ፦ የባትህን ወፍራሙን ቦታ፣ ቁርጭምጭሚትህን፣ ተረከዝህን ከእግርህ መታጠፊያ ጋር ዙሪያውን፣ ጉልበትህን ደግሞ ቁጢጥ ብለህ። ጉልበት ቆመህ ብቻ ከተለካ ለመቀመጥ ስትታጠፍ ጨርቁ ይወጠራል፤ የሚተረተረውም ጉልበቱ ሳይሆን ከኋላ መቀመጫው ላይ ያለው ስፌት ነው። የታችኛው አፍ በቁርጭምጭሚት ልክ ከጠበበ ተረከዝህ አያልፍም፤ ስለዚህ ከውጭ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ሆኖ በቁልፍ እንዲዘጋ ንገረው። ዚፕ ያፈጥናል፣ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው። ከውስጥ ስፌቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተውልህ፤ ወፈር ስትል ይለቀቃል።

ለእጀ ጠባቡ በዚያው ወርድ 2 ሜትር ከሩብ ግዛ፤ ወርዱ ጠባብ ከሆነ ስንት እንደሚበቃህ ሰፊውን ጠይቅ። አቡጀዴም ይሆናል፤ እሱም ቀድሞ ይታጠብ። ክንድህን ወደ ላይ አንሥተህ ለካ። ብብቱ ላይ የጠበበ እጀ ጠባብ እስክስታ አያስወርድም!

የሞላሌ ሱፍ፦
በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ። አሮጌ ሲገዛ የሚያዋጣው ደግሞ በርኖሱ ነው። ጥሩ የመንዝ በግ ጸጉር ረጅምና ሻካራ ነው፤ ባና እና ዝተት የሚባሉት የሱፍ ብርድ ልብሶች የሚሠሩትም ከእሱ ነው። በደንብ የተሠራ በርኖስ በአባትና በልጅ ዘመን ያገለግላል። በአንተ ብር አዲስ በርኖስ ብትፈልግ የምታገኘው ድብልቅ ነው፤ በዚያው ብር አሮጌ ብትፈልግ ጥሩውን ታገኛለህ።

ጸጉር መሆኑን የሚነግርህ እሳት ነው። ሻጩን አስፈቅድና ከውስጥ በኩል ካለው ጠርዝ ሁለት ክር ምዘዝ፣ አንዱን ከድሩ አንዱን ከማጉ። ሁለት ያልኩህ ማጉ ጸጉር ሆኖ ድሩ ጥጥ ወይም ሰው ሠራሽ የሆነ ስለሚሸጥ ነው። ከልብሱ ራቅ ብለህ በክብሪት ለኩሰው። የበግ ጸጉር እየተኮማተረ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ እሳቱን ስታርቀው ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ይቀራል። ጥጥ ከሆነ ነበልባሉ ይቀጥላል፣ ሽታው የወረቀት ነው።

ቀጥሎ ጥቅጥቅነቱን እይ። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽና ሲረገጥ ጸጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል። በደንብ ያልታሸው በርኖስ ወደ ፀሐይ ሲነሣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ያሳያል፤ ነፋስም ዝናብም ያሳልፋል። ሁለት ጠብታ ውሃ ትከሻው ላይ ጣል። ጥሩው ላይ ጠብታው ለጥቂት ጊዜ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ የበጉ ቅባት ገና አለበት ማለት ነው። ወዲያው ከጠጣው ወይ ሳስቷል ወይ በኃይለኛ ሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ወጥቷል። አንዱ ትከሻ ላይ ያለው ሾጣጣም ይነግርሃል፤ ጨርቁ ከደከመ ሾጣጣው አይቆምም፣ ይተኛል።

ርዝመቱ ባትህ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ረጅም ካገኘህ አትተወው፤ በደንብ የታሸ ሱፍ ሲቆረጥ ስለማይተረተር ማሳጠር ቀላል ነው። አጭሩን ግን ማስረዘም አይቻልም፤ ቢቀጠልም የተቀጠለው ከሩቅ ያስታውቃል።

ጣርማ በር፦
ስለ ቀሪው ባጭሩ። ጫማ አትግዛ፣ ያለህን ጥቁር ወይም ቡናማ ቆዳ ጫማ ቀለም ቀባው። ቀበቶው እጀ ጠባቡ ሥር ስለሚውል አይታይም። ካባ ለሙሽራው ተውለት፣ ጭራም ለሽማግሌዎቹ። ዱላ ከፈለግህ ወይራ ይሁን። ጫፉን ዓይንህ ላይ አድርገህ እስከ ዳር ተመልከት፤ ከተንጋደደ እርጥብ ሳለ የተቆረጠና ያለ ሥርዓት የደረቀ ነው። እርጥቡን ገዝተህ ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ከዚያ ቅባት አጠጣው።

የጌራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አሁን አንድ አሮጌ በርኖስ አይቻለሁ። በእሳት ስሞክረው ድሩም ማጉም ጸጉር ነው። ግን ትከሻው ወደ ቀይ ቡናማ አድልቷል፤ ከጀርባው ደግሞ ምስር የሚያህሉ አምስት ስድስት ቀዳዳዎች አሉት። ልተወው?

የሞላሌ ሱፍ፦
ቅላቱ አያስፈራህ። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ የበግ ጸጉር ፀሐይ በበዛበት ቦታ ይቀላል። የተነከረ አለመሆኑን ለማረጋገጥ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሸው፤ ጨርቁ ጥቁር ካልያዘ የበጉ የራሱ ቀለም ሳይሆን አይቀርም።

ቀዳዳው ብል ነው። ዋናው ጥያቄ ብሉ አሁንም አለ ወይ ነው። ኮሌታው ሥርና ስፌቱ ውስጥ ግለጥና ነጭ ድር የመሰለ ነገር፣ አሸዋ የሚመስል ፍርፋሪ ወይም ሩዝ የሚያህል ትል ፈልግ። ከዚያ ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጅህ ሳብ አድርገው። ከያዘ ይጠገናል፤ ከተቀደደ ውስጡ አልቋልና ተወው። ከያዘ ቀዳዳዎቹን ቆጥረህ አሳይና ዋጋ አስቀንስ።

ቤት ስታስገባው ከጋቢህ ጋር አታገናኘው። ፀሐይ ላይ አስጥተህ በብሩሽ ስፌት ለስፌት ጥረገው። ዲፕ ፍሪዘር ያለው ዘመድ ካለህ በፕላስቲክ አጥብቀህ ጠቅልለህ አንድ ሳምንት አሳድረው፤ እንቁላሉንም ይገድለዋል። ቀዳዳዎቹን ከራሱ ከታችኛው ጠርዝ በተመዘዘ ክር አስጠግን። በናይለን ክር አይሁን፤ ናይለን ከሱፉ ስለሚጠነክር ዙሪያውን እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ማጠብ የግድ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት የጸጉር ሻምፑ ብቻ፣ ሳታሽና ሳትጨምቅ። ውሃውን በፎጣ አስመጥተህ ጥላ ላይ ዘርግተህ አድርቀው፤ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። በረኪና አጠገቡ አይድረስ፤ ጋቢን ያነጣ ይሆናል፣ የበግ ጸጉርን ግን ያሟሟዋል። ከሠርጉ በኋላ ስታስቀምጠው ላብና ምግብ የነካውን ቦታ አጽዳ፤ ብል መጀመሪያ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።