የማይሰበር ስክሪን አለ እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም የድሬ ልጆች፣ ከዚራ ጋ ከባጃጅ ስወርድ ስልኬ አምልጦኝ ድንጋዩ ላይ በጥጉ ወደቀና ስክሪኑ ስንጥቅጥቅ አለ፣ ሻጩ "ጎሪላ ነው አይሰበርም" ብሎኝ ነበር እኮ። ላሰራው ነው፣ ከዛ በኋላ ምን ላድርግለት?

መልስ 1፦ አቦ አይሰበርም የሚባል መስታወት የለም። ጎሪላ የሚሉትን የስልክ መስታወት፣ ጎሪላ ግላስን፣ ኮርኒንግ የሚባለው ካምፓኒ ሲሰራው 400 ዲግሪ ገደማ የጋለ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነክረዋል፣ መስታወቱ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው አቶሞች) ወጥተው ትልልቆቹ ፖታሲየሞች ቦታቸው ሲገቡ ላዩ ይጨናነቅና ይጠነክራል። ጠለቅ ያለ ጭረት ካለበት ግን ሲወድቅ ከዛው ነው የሚሰነጠቀው።

መልስ 2፦ ጭረቱን ደሞ ከሳንቲም ይልቅ አሸዋ ነው የሚያመጣው፣ ውስጡ ያለው ኳርትዝ ከመስታወት ይጠነክራል፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ታውቂዋለሽ መቼም። ፕሮቴክተር ለጥፊ፣ ግን ጥንካሬው 9ኤች ነው የሚሉሽ የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው ብዙ አትመኚበት። ዋናው ከቨሩ ነው፣ ጠርዙ ከስክሪኑ ከፍ ያለ፣ ጥጉ ወፈር ያለ ላስቲክ።

ጠያቂ፦ እሺ እንዲህ ያለ ከቨር ታይዋን ገበያ አገኛለሁ?

መልስ 2፦ ሞልቷል፣ ስልኩን ይዘሽ ሂጂ ብቻ፣ ሞዴሉ አንድ ነው ብለውሽ የካሜራው ቀዳዳ የማይገጥም አለ።