ወንድሜ ከበላ በኋላ ካልተደፋ አይሻለውም፤ ጨጓራ ብቻ ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ሞተር ገጭቶት ጭኑ ተሰብሮ፣ ክብደት ታስሮለት ሁለት ወር ተኛ። ድሮም ቀጭን ነው፤ 61 ኪሎ የነበረው ልጅ 47 ገባ። ሆዱን ማመም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደጎረሰ “ጠገብኩ” ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከእንብርቱ በላይ ይነፋና ያስመልሰዋል። ትውከቱ እንደ ጎመን ውኃ አረንጓዴ ነው።

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ያልረገጥነው ክሊኒክ የለም። አንዱ ታይፎይድ አለ፣ አንዱ ጨጓራ። የጨጓራ ባክቴሪያውን መድኃኒት 14 ቀን ጨረሰ። በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራውን ያዩበት ኢንዶስኮፒም “ትንሽ ቀልቷል” ከማለት አላለፈም። አንዱ ሐኪም ጭራሽ ጭንቀት ነው አለን። ይቺ ከወጪው በላይ አናደደችኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሲያመው አልጋው ላይ ተንበርክኮ ደረቱን ጉልበቱ ላይ ይደፋል፣ ቀለል ይለዋል። እማዬ ስግደት መስሏት ደስ ብሏት ነበር። በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል። ምን ይሆን?

ጎረቤት፦
ተልባ በባዶ ሆዱ ስጪው። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሞክረናል፣ ተልባውም ተመለሰ።

የራጅ ክፍሉ፦
እህቴ፣ በጽሑፍ ምርመራ አይሰጥም። ግን አተኛኘቱን ለሐኪሞቹ ነግራችኋል? ዋናው ፍንጭ እሱ ነው።

አረንጓዴው ሐሞት ነው። ስለዚህ ምግቡ የሚታገደው ሐሞት ከሚፈስበት ቦታ በታች ነው ማለት ነው፤ የጨጓራው በር ላይ አይደለም። እዚያ ጋ ዱዮዲነም የሚባለው፣ ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀት በሁለት ደም ቅዳዎች መሃል ሾልኮ ያልፋል። ከኋላው አኦርታ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ ከአኦርታ ወጥቶ ወደ አንጀት የሚወርደው ደም ቅዳ። መሃላቸው ስብ አለ፣ እንደ ትራስ። ሰው ቶሎ ሲከሳ ትራሱ ይሟሽሻል፣ የፊተኛው ደም ቅዳ አንጀቱን ይጫነዋል። ተደፍቶ ሲተኛ ጫናው ይቀልለታል። ይህ የዊልኪ በሽታ ይባላል፤ ዊልኪ የሚባል ሐኪም በ1927 እ.ኤ.አ. 75 ሕሙማንን መዝግቦ አውጥቷል።

ኢንዶስኮፒ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ጫናው ከውጭ ነዋ። በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሳ ሲቲ ስካን ጠይቁ፤ “በሁለቱ ደም ቅዳዎች መሃል ያለው ማዕዘንና ርቀት ይለካልን” በሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ከ38 እስከ 65 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ25 ዲግሪና ከ8 ሚሊ ሜትር ሲያንስ እንጠረጥራለን። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ቀጭን ሰው ሁሉ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ከተጫነው በላይ ያለው አንጀትና ጨጓራው መወጠሩም መታየት አለበት።

ውኃ እንኳ አልረጋለት ካለ ሲቲ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ቀጭኑ፦
እኔም ይሄው ነበረብኝ። “አትበላም እንዴ” ሲሉኝ ነው የከረሙት። በአፍንጫ የገባ ቀጭን ቱቦ የተጫነውን ቦታ አልፎ፣ አምስት ሳምንት በሱ በላሁ። 6 ኪሎ ስጨምር ለቀቀኝ፣ ቢላ ሳይነካኝ። ካልሆነ ግን በቀዶ ሕክምና ምግቡ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ይሠሩለታል።

የአራት ኪሎዋ፦
ሲቲው ሐሙስ ተነሳ። 16 ዲግሪ፣ 5 ሚሊ ሜትር፣ ጨጓራውም ተወጥሯል። ቱቦው ትናንት ገባለት። @ቀጭኑ፣ እንዳይደፈን በምን ታጥበው ነበር?

ቀጭኑ፦
ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ፣ በሲሪንጅ። ምግቡ ከመግባቱ በፊትም በኋላም። ግን መጠኑን ነርሷን ጠይቂያት።