ልጄን ዴይኬር ላውላት ወይስ ጂማ እናቴ ጋ ልላካት?

የሂርማታ ልጅ (ኦስሎ)፦
ሰላም ወገኖች። ልጄ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ዴይኬር ካስገባኋት ሦስተኛ ቀኗ። ዛሬ ጠዋት የኮቴን ዚፕ ጨብጣ አልለቅም አለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው። እማዬ ደግሞ ከጂማ ሌት ተቀን ትደውላለች። «አፏን እንኳ ሳትፈታ ለባዳ? አምጪልኝ፣ እኔ አሳድጋታለሁ!» እውነት እንዲህ በጨቅላነቱ ማቆያ የዋለ ልጅ ሲያድግ ይጎዳል?

አባ ቡና (ሜሪላንድ)፦
እህቴ፣ አይዞሽ። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከ1,300 በላይ ልጆችን ከውልደት አንስቶ የተከታተለ ጥናት አለ። ጥሩ ማቆያ የዋሉት በቋንቋና በትምህርት ትንሽ ቀደም አሉ። ረጅም ሰዓት የዋሉት ትንሽ አስቸጋሪ ሆኑ፣ ግን ለክፉ የሚሰጥ አይደለም። ከማቆያው ይልቅ ቤቱ ነው ብዙ የሚወስነው። ካናዳ ግን፣ ኬቤክ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ዋጋውን በቀን 5 ዶላር አደረገችና ልጁ ሁሉ ገባ። በኋላ ያጠኑት ሰዎች ጭንቀትና ጠበኝነት ጨምሮ አገኙት። ጥራቱን እይ ለማለት ነው። እናንተ ጋ ከሦስት ዓመት በታች ለሦስት ልጅ አንድ ሠራተኛ ነው ሕጉ። እኛ የምንከፍለውን ብነግርሽ ሥራሽን ትተይ ነበር!

ጅሬን ማዶ (ጂማ)፦
እኔ እዚሁ ጂማ ነኝ። ከወሊድ በኋላ ሕጉ የሰጠኝ 90 ቀን ነው። ሠራተኛዬ ዓረብ አገር ሄደች። ልጄን እናቴ ያዙልኝ፣ በአራተኛው ወር ጉልበታቸው እምቢ አለ። እናትሽ ስንት ዓመታቸው ነው? ድክ ድክ የሚል ልጅ ማባረር ቀላል እንዳይመስልሽ።

የአኮ ልጅ (ሪያድ)፦
እኔን አኮ (አያቴ) ናት ያሳደገችኝ። ቡና ስትቆላ ከበርጩማዋ ሥር ቁጭ ብዬ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አንድ ላይ ለመድኩ። ይህን የትኛው ዴይኬር ይሰጣል? በየወሩ ብር እልካለሁ፣ አሁን ስደውል ድምፄን አትለይም። ላኪያት እህቴ።

ስም የለሽ (ቶሮንቶ)፦
እኔ የተላክሁ ልጅ ነኝ። በሁለት ዓመቴ ሄጄ በሰባት ዓመቴ ተመለስኩ። ኤርፖርት የተቀበለችኝን እናቴን «እትዬ» አልኳት። አያቴ ምንም አላጎደለችብኝም። ግን አትላኪያት።

የአኮ ልጅ፦
ስለዚህ አያት ጠላት ሆነች?

አባ ቡና፦
ማን እንደዚያ አለ? ጥናቱን አንብብ ወንድሜ።

የአኮ ልጅ፦
ጥናት አላሳደገኝም! አንተ ለእናትህ መጨረሻ የላክኸው መቼ ነው?

አባ ቡና፦
እሱን እዚህ ምን አመጣው?

የሂርማታ ልጅ፦
ቆዩ እስቲ፣ እማዬ እየደወለች ነው።