በላፕቶፕ ሙዚቃ መሥራት፦ ድምፁ ይዘገያል፣ ምቱም አልገባ አለ

ሰብለ_አራት_ኪሎ
ሰላም ለሁላችሁ፤ ሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እርዱኝ። ዘፈን በኮምፒውተር ማቀናበር ልጀምር ነው። ላፕቶፑ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ያማሃ ፒኤስአር ኪቦርድና የብሉቱዝ ሄድፎን አለኝ፤ ማይክና ሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) ገና ነው። ክፍሉ አስፋልት ዳር ስለሆነ የታክሲ ጥሩምባና የረዳት ጥሪ ይገባል። የቱን ፕሮግራም ልጠቀም? ኪቦርዱን ስነካ ድምፁ ለምን ዘግይቶ ይመጣል? ችክችካ ስጫወት ደግሞ ኳንታይዝ ካደረግኩት (ፕሮግራሙ ኖታዎቹን በራሱ መስመር ላይ እንዲያሰልፋቸው ካዘዝኩት) ነፍሱ ይጠፋል፤ ምን ላድርግ? ገንዘቤ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃስ ማይኩን ወይስ ካርዱን ላስቀድም?

ባለ_ኬብሉ
ሰብሊ፣ መዘግየቱ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ብሉቱዙ ነው። ድምፁን ጨምቆ ልኮ እስኪፈታው ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ይበልጣል፤ በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ገመድ ያለውና ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ሄድፎን ያዢ።

ሁለተኛው የዊንዶውሱ ድራይቨር (ፕሮግራሙን ከድምፅ ዕቃው የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ነው። ካርድ እስክትገዢ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነፃ ድራይቨር ጫኚና በፕሮግራሙ የኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ አሲዮን ምረጪ። ቀጥሎ በፈር ሳይዙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት በአንዴ የሚያጠራቅመውን መጠን፣ ተመልከቺ። በ48 ኪሎሄርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ማለትም የድምፅ ናሙና) 128 ሳምፕል ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 256 ከሆነ 5.3፣ 1024 ከሆነ ደግሞ 21። ይህ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ መግቢያና መውጫው ሲደመር ከፍ ይላል። ስትጫወቺና ስትቀጂ 128 ላይ ይሁን፤ ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ 256 አድርጊው። ሚክስ ላይ (የተቀዱትን ድምፆች ስታመጣጥኚ) 1024 አድርገሽ ፕሮሰሰሩን አሳርፊው፤ ያን ጊዜ መዘግየቱ አያሳስብሽም።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ለ8 ጊጋ ራም ሪፐርን እመርጣለሁ። ማውረጃው ከ20 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ዳታሽን አይበላም። 60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ ከዚያ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ ቢት ለመሥራት ፈጣን ነው፤ ድምፅና መሣሪያ በብዙ ትራክ ለመቅዳት ግን ሪፐር ይቀላል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም አትጫኚ፣ ከቫይረሱ ሌላ ሥራ መሀል ላይ ይዘጋብሻል። መብራት ስለሚጠፋም አውቶ ሴቩን በየ3 ደቂቃው አድርጊ።

ሌላ ሚዲ ኪቦርድ (የተነካውን ኖታ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ) አትግዢ። ፒኤስአሩ ከጀርባው ዩኤስቢ ቱ ሆስት የሚል ቀዳዳ ካለው የፕሪንተር ገመድ ይበቃል። ድምፁ ሁለት ሁለት ጊዜ ከተሰማሽ ኪቦርዱ የራሱንም እያሰማ ነው፤ ሎካል የሚለውን አጥፊ ወይም ቮልዩሙን ዝቅ አድርጊ።

ስድስት_ስምንት
የምቱን እኔ ልመልስ፣ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና። ፕሮግራሙ ሲከፈት 4/4 ላይ ነው፤ ችክችካ ደግሞ 6/8 ነው። በ4/4 ብትጫወቺ ሜትሮኖሙ ከእግርሽ ጋር የገጠመ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግሪዱ (ኖታ የሚሰለፍባቸው መስመሮች) ግን እያንዳንዱን ምት ለሁለትና ለአራት ይከፍለዋል። ችክችካ የሚከፈለው ለሦስት ነው። ኳንታይዝ ስታደርጊ ሦስቱን ኖታ ወደ አራቱ መስመሮች ይጎትታቸዋል፤ ነፍሱ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ታይም ሲግኔቸሩን (የምት አቆጣጠሩን) 6/8፣ ግሪዱን 1/8 አድርጊ። ቴምፖው ላይ ተጠንቀቂ፦ ሪፐር ቢፒኤም (በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ) የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው፣ እግርሽ የሚመታው ግን በሦስት ስምንተኛ ነው። ስለዚህ በእግርሽ በደቂቃ 120 የሚመታ ዘፈን 180 ተብሎ ይገባል፤ በ1.5 ማባዛት ነው። የኳንታይዝ ጥንካሬውንም ከ60 እስከ 70 በመቶ ላይ ተዪው። ከበሮ ከሆነ አንድ ባር (አንድ ዙር ምት) ሠርተሽ አታባዢ፤ ቢያንስ 8 ባር በእጅሽ ተጫወቺ፣ የሰፊውን ፊት ወፍራም ድምፅና የጠባቡን ቀጭን ድምፅ በየትራካቸው ለይተሽ።

ሁለተኛው ነገር ቅኝቱ ነው። ከዶ ብንነሳ፦ ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፤ ትዝታ ማይነር ዶ ሬ ሚ ፍላት ሶል ላ ፍላት፤ ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፤ አምባሰል ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ላ ፍላት፤ አንቺሆዬ ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ፍላት ላ። ያልገጠመ ኖታ የሚያርመውን የድምፅ ማስተካከያ በሜጀር ወይም በክሮማቲክ (በአሥራ ሁለቱም ኖታ) ከተውሽው ዘፋኙ ሲያንሸራትት ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኖታ ላይ ይጥለዋል። ሪፐር ውስጥ ሪያ ቲዩን በሚባለው ማስተካከያ ላይ አምስቱን ኖታ ብቻ አስቀሪ፣ ቀስ ብሎ እንዲያርምም አድርጊው። አንቺሆዬ ላይ ከተቻለ ጭራሽ አትጠቀሚው፤ የዘፋኙ ድምፅ ከፒያኖው ኖታ ትንሽ ከፍ ዝቅ የሚለው ስህተት ስለሆነ አይደለም።

ጋሽ_ሚክስ
ልጄ፣ ካርዱን አስቀድሚ። ባለ ሁለት መግቢያ ይሁን፣ 48 ቮልትም (ለኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገው ኃይል) ይኑረው። ፒያሳም ሆነ መርካቶ ያገለገለ ስትገዢ ላፕቶፕና ሄድፎንሽን ይዘሽ ሂጂ። ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ ማጉያ) ከዳር እስከ ዳር ስታዞሪው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተዪው።

ማይኩን ስትገዢ ሻጩ ኮንደንሰር (ደቃቁን ድምፅ ሁሉ የሚይዝ ማይክ) ቢያሳይሽ አትቸኩዪ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ለተዘጋጀ ክፍል ጥሩ ነው፤ አስፋልት ዳር ግን ረዳቱን ጭምር ይቀዳልሻል። እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ (በይበልጥ የቅርቡን ድምፅ የሚይዝ ማይክ) ይሻልሻል። አፍን ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር አስጠግቶ በ24 ቢት መቅዳት ነው፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ሲደርስ ይበቃል። ቀዩ መብራት ከበራ የተሰነጠቀውን ድምፅ በኋላ የሚጠግነው የለም።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ አትለጥፊ። ስስ ስለሆነ ቀጫጭኑን ድምፅ በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ የውጭውን አያግድም። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ከዘፋኙ ጀርባ አቁሚ። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅለዋል፤ ማይኩ የሚሰማው ግን ከፊቱ ማለትም ከዘፋኙ ኋላ የሚመለሰውን ነው። ቀረጻውን ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ አድርጊው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ ዝናቡን እየጠበቅሽ መሥራት ነው።

ሰብለ_አራት_ኪሎ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። ላፕቶፑን ቻርጀር ስሰካው እዝዝ የሚል ድምፅ ይመጣል። ክራርስ በዚሁ ዳይናሚክ ይቀዳል?

ጋሽ_ሚክስ
ቻርጀሩን ስትነቅይው እዝታው ከጠፋ የግራውንድ ችግር ነው። ላፕቶፑን፣ ኪቦርዱንና ስፒከሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኪ። ካልጠፋ በባትሪ ቅጂና ከዚያ ቻርጅ አድርጊ። የሶኬቱን የኧርዝ እግር ቆርጦ ማስወገድ የሚሉሽን አትስሚ፣ ኤሌክትሪክ ይይዝሻል።

ክራር ይቀዳል። ማይኩን ከቆዳው 20 ሳንቲሜትር ያህል አርቀሽ፣ ክሮቹ ቆዳው ላይ ወደሚያርፉበት በሰያፍ አዙሪው። ፊት ለፊት ከሆነ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፣ ወደ መምቻው እጅ ከተጠጋ ደግሞ የጥፍሩ ድምፅ ይበዛል። ከሁሉ በፊት ግን ክራሩን በቲዩነር (በመቃኛው) ላ ኖታን 440 ሄርዝ አድርገሽ አስቃኚው። ክራር መቺ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሚቃኝ ከኪቦርዱ ጋር ሩብ ድምፅ ያህል ሊለያይ ይችላል፤ ከተቀዳ በኋላ በፒች ሺፍት (ኖታውን በኮምፒውተር ከፍ ዝቅ በማድረግ) ብታነሺው የክሩ ጥራት ይበላሻል። ክራሩ መነካት ከሌለበት ሚዲ ትራኮቹን ወደ እሱ አምጪ፤ ሲንቱ (ሚዲውን ወደ ድምፅ የሚቀይረው መሣሪያ) ላይ ፋይን ቲዩን የሚለውን በሴንት (በግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) እያስተካከልሽ።

ስድስት_ስምንት
በየ10 ደቂቃውም ቅኝቱን ፈትሹት፤ ክር በእጅ ሙቀት ይላላል።