የሕፃናት ድንገተኛ ሐኪም መሆን ካሰብሽ፣ ሬዚደንሲው ሌሊት ምን እንደሚመስል ጠይቂ

እህቴ፣ እንኳን ለኢንተርቪው አበቃሽ። አራት የሕፃናት ሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ጠርተውኛል፣ ሐሳቤ ግን የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ነው፣ የቱን ላስቀድም ብለሻል። እኔም ያለፍኩበት ነውና የማውቀውን ልንገርሽ።

አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠናው፣ 3 ዓመት ነው። ከዚያ የድንገተኛው ፌሎሺፕ፣ ማለትም ቀጣዩ የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ሌላ 3 ዓመት ይወስዳል።

ብዙዎቻችን ስም እናያለን። ትልቅ የሕፃናት ሆስፒታል ጥሩ ነው። ከባድ ሕመም በብዛት ታያለሽ፣ ለፌሎሺፕ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽ የዘርፉ ሲኒየሮችም እዚያው አሉ። ግን ፌሎ (ፌሎሺፕ ላይ ያለ ሐኪም) ባለበት ቦታ፣ በጠና የታመመ ልጅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ኢንቱቤት የሚያደርገው፣ ማለትም የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገባው፣ ፌሎው ነው። እኔ የሠለጠንኩበት እንዲህ ነበር። ሁለተኛ ዓመቴን ስጨርስ ብዙ አይቻለሁ፤ በእጄ የሠራሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ፌሎ የሌለበት አነስ ያለ ሆስፒታል የገባች ጓደኛዬ ቁስሉንም ትሰፋለች፣ ከወገብ ፈሳሽም ትወስዳለች። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዳይሬክተሩን ብቻ ሰምተሽ አትመለሺ። ሬዚደንቶቹን ለብቻቸው ስታገኚ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ቢመጣ ቱቦውን ማን ነው የሚያስገባው በያቸው። በዚያ ሰዓት አጠገባችሁ ቆሞ የሚያስተምር የሕፃናት ድንገተኛ ሲኒየር አለ ወይ? ካለፉት ተመራቂዎች ስንቱ ይህን ፌሎሺፕ አገኘ? በቁጥር ይንገሩሽ። የቦርድ ፈተና ውጤታቸውን ግን መጠየቅ አያስፈልግሽም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ በየፕሮግራሙ ድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል።

ድንገተኛ ክፍል መቼ እንደሚልኩሽም እወቂ። ለፌሎሺፕ አፕላይ የሚደረገው ሦስተኛው ዓመት ገና ሲጀምር ነው። እዚያ ክፍል ዘግይተሽ ከገባሽ፣ ደብዳቤ የምትጠይቂያቸው ሰዎች ገና አያውቁሽም።

ቪዛውን አደራ። ጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ) ለሐኪም በተለምዶ እስከ 7 ዓመት ስለሚሄድ 6ቱን ዓመት ይችልልሻል። ኋላ ግን 2 ዓመት አገር ቤት መመለስ፣ ወይም ሐኪም በሚያጥርበት አካባቢ 3 ዓመት ሠርቶ ግዴታውን ማስነሳት አለ። ኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ከፈለግሽ ስቴፕ 3ን፣ የአሜሪካን የሐኪም ፈቃድ የመጨረሻ ፈተና፣ ቀድመሽ ማለፍ አለብሽ። የሱ ጣሪያ 6 ዓመት ስለሆነ ፌሎሺፑን ስትጨርሺ እሱም አብሮ ያልቃል። ይህን የሚያስረዳ ሰው ቀድሞ ባገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት በተኛሁ።

የፕሮግራሞቹን የምርጫ ቅደም ተከተል ዝርዝር ስታስገቢ ይቀበሉኝ ይሆን እያልሽ አትገምቺ። የማቹ፣ አመልካችን ከፕሮግራም የሚያገናኘው ሥርዓት፣ አሠራር የሚነሳው ከአመልካቹ ምርጫ ነውና ልብሽ የፈቀደውን አንደኛ አድርጊው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን አካባቢ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ልጇን አቅፋ በሌሊት የመጣች እናት በአማርኛ «ምን ሆነብሽ እናቴ?» ስላት እንባዋ ዱብ አለ። ብዙ የኛ ሰው ያለበት ከተማ ያለ ፕሮግራም ከአራቱ መካከል ካለ፣ ይህንንም በሚዛኑ ላይ አስቀምጪው። የአራቱን ስም ላኪልኝና አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።