የካምቢዮ ዘይት መቼ ነው የሚቀየረው?

ቪትዝ ነጂ፦
ሰላም ቤተሰብ። የ2008 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ አውቶማቲክ። 140 ሺህ ኪሎ ሜትር ትላለች፣ እውነቱን ፈጣሪ ይወቀው። የሞተር ዘይት በየ5 ሺው እቀይራለሁ። የካምቢዮው ግን እኔ ከገዛኋት ጀምሮ አልተነካም። አንዱ መካኒክ «ካልተበላሸ አትንካው፣ ከቀየርከው ማርሽ መያዝ ያቆማል» ይለኛል። ሌላው ዛሬውኑ በማሽን አጥበን እንሙላልህ ይላል። ጠዋት ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። የማንን ልስማ?

የሰፈር መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት ምን ዓይነት ካምቢዮ እንዳላት እወቅ። የዚያ ዘመን ቪትዝ አብዛኛዋ ሲቪቲ ናት። ውስጧ እንደ ድሮው ማርሽ የለም፣ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊ መሃል ይዞራል። ቀበቶው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ራሱ ዘይቱ ስለሆነ የሲቪቲ ዘይት ብቻ ነው የሚገባው። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ሰላም ብለህ ውጣ። የመኪናዋ መመሪያ ላይ ወይም መለኪያ ዘንግ ካላት እሱ ላይ የዘይቱ ዓይነት ተጽፎ ታገኘዋለህ።

«ካልተበላሸ አትንካው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ሰው መኪናውን የሚያመጣው ካምቢዮው ሊሞት ሲል ነው። ዘይት ይቀየርለታል፣ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል፣ ከዚያ ጥፋተኛው አዲሱ ዘይት ይሆናል። በጊዜው የተቀየረ ዘይት ደህና ካምቢዮ ሲገድል አላየሁም።

በማሽን ማጠቡን ግን እኔም አልወደውም፣ በተለይ ታሪኩ ለማይታወቅ መኪና። ከታች አስፈታ፣ የወጣውን ለካ፣ ያንኑ ያህል ሙላ። ሁሉም ዘይት አንዴ አይወጣም፣ ውስጥ የሚቀር አለ። ስለዚህ ጥቂት ሳምንት ነድተህ ድገመው። ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ውስጡ ያሉትን ማግኔቶች እይ። እንደ ዱቄት የላመ ብረት ያለ ነገር ነው፣ ስብርባሪ ካለ ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ሜሪላንድ ነኝ፦
እዚህም «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ካምሪ ነው የምነዳው። ቶዮታ እዚህ አገር ተጎታች ለሚጎትትና ጭነት ለሚያበዛ ሰው በ60 ሺህ ማይል ቀይር ይላል፣ ወደ 97 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለብዙ የጀርመን መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ ከ80 እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም ቢበዛ በ8 ዓመት ይቀየር ነው የሚለው። የአዲስ አበባ ዳገትና መንገድ መዘጋጋት ደግሞ ከጭነት በምን ያንሳል? እኔ ብሆን ከ60 ሺህ ኪሎ ሜትር አላሳልፈውም።

ማንዋል ይሻላል፦
እኛ ፍሪሲዮን ያለንስ ተረሳን እንዴ? 😄

የሰፈር መካኒክ፦
አልተረሳችሁም። የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ሌላ ነው፣ ብዙ ቶዮታ 75ደብልዩ-90 (75W-90) የሚባለውን ውፍረት ይወስዳል። ጣሳው ላይ ጂኤል-4 (GL-4) የሚለውን ፈልግ። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል ነው፣ አንዳንዱ የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ይበላል።

ቪትዝ ነጂ፦
እግዜር ይስጥልን። መንቀጥቀጡስ ከዘይቱ ነው ትላላችሁ?

የሰፈር መካኒክ፦
ሊሆን ይችላል፣ ግን አትቸኩል። ካንዴላና የሞተር መያዣ ጎማዎቹን መጀመሪያ አሳይ፣ ከርካሹ ይጀመራል። ቆማ በዲ ላይ ፍሬን ይዘህ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ የሞተር መያዣዎቹን ጠርጥር። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልሄደች ግን ካምቢዮው ነው፣ ያን ጊዜ ዘይት ብቻውን አያድናትም። ዘይቱን ከሶማሌ ተራ ብትገዛም ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን ራስህ አይተህ ግዛ፣ ሲሞላም አጠገቡ ቁም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን መጠበቅ ነው ያለን አማራጭ። የወጣውን አሮጌ ዘይት በላስቲክ ጠርሙስ አድርገህ ፎቶ ለጥፍልን፣ ቀለሙን አይተን እንነግርሃለን።