በበቆሎ ላይ ያለው ትል ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚሻገረው በምንድን ነው?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ ዙሪያ፦
እንደምን ከረማችሁ? ቦርከና ዳር የዘራሁት በቆሎ ጉልበት ደርሷል። ባለፈው ሳምንት በማሳው አንድ ጥግ የጥቂት ተክሎች ቅጠል እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን ያሳልፍ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በዙሪያቸው ያሉት ተበሳስተው፣ መሃላቸውም ሰጋቱራ በሚመስል ኩስ ተሞልቶ አገኘሁ። አባቴ የሚያውቁት ተምች በመንጋ የሚጓዝ ነው፤ ይህን ግን በመሬት ሲሄድ አላየሁትም።

መልስ፣ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ የገለጹት በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምች ይመስላል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የመሰለ መስመር፣ ወደ ጅራቱ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ካሉት እርሱ ነው። እናቲቱ የእሳት እራት በሌሊት ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ እንቁላሎችን በአንድ ቅጠል ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈሉት ትሎች አፋቸው ገና ደካማ ስለሆነ የቅጠሉን አንድ ገጽ ብቻ ይፍቃሉ፤ ላስቲክ የመሰለዎት የቀረው ስስ ሽፋን ነው። ከዚያም ቀጭን ክር ለቀው ይንጠለጠላሉ፣ ነፋስም ወደ ጎረቤት ተክል ያሻግራቸዋል። ጉዳቱ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ የሰፋው ለዚህ ነው።

ከፍ ሲሉ ተጠቅልሎ በሚወጣው ለጋ ቅጠል ውስጥ ይሸሸጋሉ። ጥቅልሉን ሲበሱት ብዙ እጥፍ በአንድ ጊዜ ስለሚበሳ፣ ቅጠሉ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ በረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ። እርስ በርስም ይበላላሉ፤ ስለዚህ በአንድ ተክል መሃል ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ትል ብቻ ይገኛል።

መልስ፣ ከሐርቡ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ሆኖም ሁሉን በመጤው ተምች ማሳበብ አይገባም። በእኛ ቆላ አገዳ ቆርቁርም አለ። እርሱም በልጅነቱ ቅጠል ይበላል፣ ኋላ ግን አገዳውን በስቶ ይገባል። የመሃሉን ቅጠል ሳብ ሲያደርጉት ደርቆ ወይም በስብሶ በቀላሉ ከተነቀለ አገዳውን ሰንጥቀው ይመልከቱ። ይህ ትል በደረቅ አገዳ ውስጥ ተኝቶ በጋውን ያሳልፋልና፣ ለከብት መኖ ብለን የምንከምረው አገዳ የከርሞ ጠላታችን ማደሪያ ነው (እኔም ከአገዳ አጥሬ ላይ አግኝቼዋለሁ)። ከመከመሩ በፊት ፀሐይ ላይ አንድ ወር ያህል አግድም ዘርግቶ ማቆየት ብዙውን ይገድለዋል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ባትሪ ይዤ ስወጣ ከመሃል ወጥተው ሲበሉ አየኋቸው፤ የግንባሩ ምልክትም አለ። ጠዋት መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፣ ከደሴ፦
ፀሐይ ሲበረታ መርጨት ብዙም አይጠቅምም፤ ትሉ ያኔ ተሸሽጓል፣ ኩሱም እንደ ክዳን ሆኖ መድኃኒቱን ያግዳል። ወደ ማምሻው፣ የመርጫውን አፍ ወደ ተክሉ መሃል አቅንተው ይርጩ። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የቀበሌዎን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይጠይቁ። ያደጉትን ግን በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ይሻላል፤ ከእንግዲህ ጥረትዎን ገና ላስቲክ በመሰሉት ቅጠሎች ዙሪያ ያድርጉ፣ የነፋሱንም አቅጣጫ ተከትለው ቀጣዮቹን ረድፎች ይፈትሹ።